ሐይቁ በልዩ ልዩ

በሐይቃችን ዳር ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። አጀንዳው ሲነበብ ተራ ቁጥር አንድ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ነው። ሁለት የዘበኞች ደመወዝ። ሦስት ሌሊት የሚጮኹ ውሾች። አራት የመንገድ መብራት። አምስት መዋጮ ያልከፈሉ አባላት። ስድስት ልዩ ልዩ። ሐይቁስ የት አለ? ሐይቁ ልዩ ልዩ ውስጥ ነው።

ልብ በሉ፤ ማኅበሩ የተቋቋመው በሐይቁ ስም ነው። ማኅተሙ ላይ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ላይ ጀልባ፣ ጀልባው ላይ ወፍ። ደንቡም ዓላማውን ሲዘረዝር «ሐይቁን መጠበቅና መንከባከብ» ብሎ ይጀምራል። ውሻ የሚል ቃል በደንቡ ውስጥ የለም። ስብሰባው ላይ ግን ውሻው ሰዓት ተኩል ይጮኻል፤ ሐይቁ ዝም ይላል።

ልዩ ልዩ የሚደርሰው ደግሞ ሻዩ ካለቀና ቆሎው ከተራገፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግማሹ ሰው «ለቅሶ አለብኝ» ብሎ ወጥቷል። ለቅሶ ያለበትን ሰው ማን ያግደዋል? አንዳንዱ አባላችን በዓመት የሚቀብረውን ዘመድ ብዛት ብትሰሙ ወረርሽኝ ገባ ትላላችሁ። የቀረው ግማሽ ሰዓቱን ያያል። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን እያወለቁ «ስለ ሐይቁ የሚናገር ካለ፣ እባካችሁ ባጭሩ» ይላሉ።

ባጭሩ! ያለነው እኮ ቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አረንጓዴ፣ ኪሎሌ እያለ የሚሄድ የሐይቅ ዝርዝር አለ። ጠርቶ የጨረሰ ሰው አንዱን ረስቶ ይወቀሳል። አብዛኞቹን የቆፈራቸው እሳተ ገሞራ ነው። በ1960ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ተመራማሪዎች ሲለኩ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር ጠልቀው ተገኙ። ይህን ነው እንግዲህ ሻይ ካለቀ በኋላ ባጭሩ የምንጨርሰው።

እነዚህ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ሌላም ጠባይ አላቸው። ዙሪያቸው ገደል ነው፤ ከውስጣቸው ወንዝ ወጥቶ አይሄድም። ውኃው በፀሐይ ይተናል እንጂ አብሮት የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስብሰባችን የእነሱ ልጅ ነው ማለት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ሐሳብ ሞልቷል፤ ሲወጣ የታየ የለም።

የእኛ ሐይቅ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የሚያኮርፍ ሰው አለ፤ የሚያኮርፍ ሰው ደግሞ መዋጮ ያቆማል።

እኔ የማኅበሩ አባል የሆንኩት በውክልና ነው። የቤቱ ባለቤት ባሕር ማዶ ይኖራሉ። ሰርቪሱን ተከራይቼ፣ ቤቱን እየጠበቅሁና አበባውን እያጠጣሁ፣ በስብሰባ ቀን ስለ እሳቸው እጄን አነሣለሁ። ቤቱ ከመንገዱ በላይ ስለሆነ ወደ ውኃው የተዘረጋ አጥር የለውም። ስለዚህ «አጥር ይነሣ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚደግፍ እኔ ነኝ። የሌለውን ነገር የሚሰጥ ሰው ቸርነቱ ወሰን የለውም።

የሐይቅ ዳር ጉርብትና ቁልቁል ነው። የላይኛው የታችኛውን «ፎቅህ ሐይቁን ጋረደብኝ» ይለዋል። የታችኛው የላይኛውን «የሽንት ቤትህ ጉድጓድ ወደ እኔ ይሰርጋል» ይለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ስለ ራሳቸው ጉድጓድና ስለ ራሳቸው ፎቅ ሲጠየቁ የግንባታ ፈቃድ ያወጣሉ።

አንድ ጊዜ ከታች በኩል ቲማቲም የሚያለሙ አዛውንት «ማዳበሪያዎ ሐይቁን እያበላሸው ነው» ተብለው ተከሰሱ። ከሳሹ የላይኛው ጎረቤታቸው ናቸው። የከሳሹ የልብስ ማጠቢያ ውኃ አረፋውን እየደፈቀ የሚወርደው በዚያው በቲማቲሙ መሀል ነው። አዛውንቱ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ብለው ተቀመጡ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሚቀጥለው ጊዜ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ «አንድ አባል ስለ ዱር አራዊት አስተያየት ሰጥተዋል» ይላል። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጸሐፊያችን እንዲህ ነው። ሕግ የተማረ ልጅ ነው፤ አንቀጽ ሳይጠቅስ ሻይ አይጠጣም። ልዩ ልዩ ላይ ዕድል ባገኘ ቁጥር የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 ያነሣል፤ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 197/1992ን ያስከትላል፤ የአገሪቱ የውኃ ሀብት የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። የጋራ የሚለው ቃል ደስ ይለናል። ከዚያ ቤታችን ገብተን ወደ ጋራው ውኃ የሚያስወርደውን በር እንቆልፋለን።

በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ ቧንቧችን ደረቅ ነው። የሐይቁ ውኃ ሶዳ ስለሚበዛበት አይጠጣም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ስለ እኛ የተተረተ ይመስለኛል፤ ጄሪካን አንጠልጥሎ፣ ውኃ እያየ፣ ውኃ ፍለጋ የሚሄድ ሰው በየማለዳው አለ። ጎብኚዎች ፎቶ ያነሡናል። ከበስተኋላችን ሐይቁ ያምራል።

ሻምበል ሌላው ምሰሶአችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ከአየር ኃይል አውሮፕላን ሥር ተኝተው ብሎን ሲያጠብቁ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ያልተለካ ነገር አያምኑም። የፌስታል ነገር የተነሣ ዕለት ጸሐፊው ያን ጊዜ ይሠራ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 513/1999ን ጠቅሶ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል መመረትም ወደ አገር መግባትም እንደሌለበት አብራራ። ሻምበል እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ማይክሮ ሜትር አወጡ። በጡረታ የወጣ ሰው ማይክሮ ሜትር በኪሱ ይዞ ለምን እንደሚዞር የጠየቀ የለም።

ብስኩቱ የመጣበትን ፌስታል አነሡና ለኩ። ቁጥሩን ለራሳቸው አነበቡ፣ ደግመው ለኩ፣ «ወድቋል» አሉ። ፌስታሉ ሕገ ወጥ ነው። ብስኩቱ ግን ጥፋት አልተገኘበትምና ተበላ። በየሰዉ ፊት የተደረደረውን ሃይላንድ ሻምበል በዓይናቸው ገረመሙት፤ ገንዘብ ያዧ የራሷን ቀስ ብላ ወንበሯ ሥር አስገባች። ፌስታል በሐይቁ ዳር እንዳይታይ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። እጃችን ሁሉ ወደ ላይ ስለነበረ ያችኛዋን ፌስታል የያዘ አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኛ ዘንድ ነፋስ አይጠፋም።

ከቨርጂኒያ የተመለሱትም ጋሼ አሉ። ቅን ሰው ናቸው፤ መዋጮ ቀድመው ይከፍላሉ። ብቻ እያንዳንዱ ነገር አሜሪካን ያስታውሳቸዋል። እዚያ የሰፈር ማኅበር ማለት የሣርህን ቁመት የሚቆጣጠር፣ የበርህን ቀለም የሚወስን፣ የቆሻሻ ገንዳህን ያለ ቀኑ ብታወጣ ደብዳቤ የሚልክና የሚቀጣ ነው ብለው ሲተርኩ ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዕለታት አንድ ቀን ገንዘብ ያዧ «ታዲያ ጋሼ፣ ከዚያ ሸሽተው ነው የመጡት?» አለቻቸው። ሳቁም ተቆጡም።

የእሳቸው ቅሬታ የሐይቅ ቀለም ነው። ሐይቅ ሰማያዊ መሆን አለበት ባይ ናቸው። አረንጓዴ ሐይቅን እንግዳ ይዘው ሄደው አይተውት «ይሄ ነገር በአስቸኳይ መጽዳት አለበት» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአባል ልጅ ፈራ ተባ እያለ፣ ሐይቁን ያን መልክ የሰጠው በዓይን የማይታይ ስፒሩሊና የሚባል ነገር መሆኑን፣ በእነዚያው በ1960ዎቹ ፈረንጆች መጥተው ሲለኩት በምድር ላይ ከታወቁት ውኆች ሁሉ በለምነቱ ከቀዳሚዎቹ መሀል መገኘቱን፣ ፍላሚንጎዎቹም የሚመጡት እሱን ብለው መሆኑን አስረዳ። ጋሼ ዝም አሉ። ኪሳቸውን ዳበሱና የእንክብል ብልቃጥ አወጡ። ጠዋት ጠዋት የሚውጧት፣ ልጃቸው ከቨርጂኒያ በዶላር እየገዛች የምትልክላቸው የጤና እንክብል ናት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ስፒሩሊና።

የዚያን ዕለት ስለ ቀለም የቀረበው ሐሳብ በአቅራቢው ጥያቄ ተሰረዘ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ማለዳ ስንነሣ ሐይቁ ዳር ዳሩን ነጭ ሆኖ አደረ፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፏል። ያልሞተውም አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ያዛጋል። በሰዓት ውስጥ የሰፈር ልጆች ሳፋና ባልዲ ይዘው ወረዱ። ማኅበሩ በበኩሉ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ያን ቀን ለቅሶ ያለበት ሰው አልነበረም።

ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቸኛ አጀንዳ ሆነ። ለካ ለዚህ መሞት ያስፈልጋል!

«መርዝ ነው» አሉ የላይኞቹ። የማን መርዝ? አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የሚያስጮኸውን መዝናኛ ጠረጠረ፤ ዓሣው በድምፅ እንደሞተ ሊያስረዳ ሞከረ። አንዷ የአበባ እርሻ አነሣች። ሌላው ዳር ወርደው መኪና የሚያጥቡትን ልጆች ወነጀለ። ቲማቲም የሚያለሙት አዛውንት ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሮ ሲያይ ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ፤ ጅቡ ዳግመኛ ሊጠራ ነው ብዬ ነበር። ሻምበል ውኃ በጠርሙስ ቀድተው አምጥተዋል። ጸሐፊው ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም በግልባጭ፣ ደብዳቤ ረቂቅ ጀመረ። አጣሪ ኮሚቴ ተመረጠ። ኮሚቴውን የሚከታተል ንዑስ ኮሚቴም።

በዚህ መሀል የዘበኛ ቤቱ በር ላይ አንዲት እናት ተቀምጠው ዓሣ ይልጣሉ። ባላቸው አጥማጅ ነበሩ፤ ልጃቸውም አጥማጅ ነው። እዚሁ ሐይቅ አፋፍ ላይ ተወልደው እዚሁ ወልደዋል። የማኅበሩ አባል ግን አይደሉም፤ አባል ለመሆን ካርታ ያስፈልጋል፣ እሳቸው ያላቸው ቢላዋ ነው። ወጣ ብዬ «እማማ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው ይላሉ?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ብርዱ ነዋ!» አሉኝ።

ብርዱ ነው። በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ሁሉ ከሴትዮዋ ቃል አላለፈም፤ ረዘመ እንጂ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ውኃ በፀሐይ ሞቆ ይቀልላል፣ የታችኛው ቀዝቅዞና ከብዶ እታች ይተኛል። ሁለቱ አይደባለቁም። ከላይ የሞተው ቅጠልና ቆሻሻ እየሰመጠ እታች ሲበሰብስ የዚያን ውኃ ኦክሲጅን ይጨርሰዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲከር ግን የላይኛውም ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ሲያማስለው እታች የተኛው የታፈነ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣው በገዛ ቤቱ ትንፋሽ ያጥረዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆችን ይህን ጠባይ እነዚያ ጥልቀታቸውን የለኩት ተመራማሪዎችም ጽፈውታል።

ታዲያ ይህን ለስብሰባው ባቀርብ ቅር የተሰኘው ሰው ብዛት! ወንጀለኛ የሌለበት ሞት ማን ይወዳል? ሰብሳቢው «እንግዲያው ጥፋተኛው ብርድ ከሆነ ደብዳቤውን ለማን እንጻፍ?» አሉ። እኔም ትንሽ ነገር አከልኩ። እታች የሚበሰብሰው በበዛ መጠን ኦክሲጅኑ ያንሳል፤ የሚበሰብሰውን የምንጨምረው ደግሞ የማጠቢያችን፣ የጉድጓዳችንና የአትክልታችን ውኃ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው አድራሻ አያጣም። ማንም አልመለሰልኝም። አንድ ሰው ለቅሶ ትዝ አለው።

ሰው በቅርቡ ያለውን ነገር አያየውም። ከመስቀል ቀጥሎ በሚመጣው እሑድ፣ በኢሬቻ፣ ሆራ አርሰዲ ዳር የሚሰበሰበውን ሕዝብ ተመልከቱ። ስንት አገር አቋርጦ፣ ነጭ ለብሶ፣ እርጥብ ሣርና አደይ ይዞ ይመጣል። ሣሩን ውኃው ውስጥ ነክሮ ከክረምቱ ጨለማ ያወጣውን ፈጣሪ አመስግኖ ይመለሳል። እኛ በመስኮታችን ዓመቱን ሙሉ ሐይቅ የምናየው ሰዎች በዚያ ሳምንት የምንነጋገረው መኪናችንን የት እንደምናሳድር ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት ይኸው ነው።

ቢያንስ ሐሮማያን ብናስታውስ ምን ነበረበት? ያ ሁሉ ሐይቅ በጫትና በአትክልት ማሳ ፓምፕ ተመጦ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ ተቀድቶ፣ ከተራራው በወረደ ደለል ተሞልቶ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት የነበረው ላይ ከብት ተሰማራ። ኋላ የተወሰነ ውኃ ተመልሶለታል። መተሐራ ያለው በሰቃ ደግሞ ተቃራኒው ደረሰበት። ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 አልፎ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ተጋፋ። አንዱን ሰው ጠጣውና ጠፋ፤ ሌላው ከመስኖ የተረፈ ውኃ እየሰረገበት አበጠ። ይህን ልዩ ልዩ ላይ ባነሣው የቨርጂኒያው ጋሼ «የእኛው የሚያብጠው ነው የሚጠፋው?» ብለው ጠየቁ። ካበጠ አጥራቸው ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከጠፋ ቤቱን ያስወደደው ሐይቅ የለም። ስጋታቸው ገባኝ።

ከዚያ ጸሐፊው አንድ ብልሃት አመጣ። ሐይቁን ከልዩ ልዩ አውጥቶ ተራ ቁጥር አንድ አደረገው። ጀግና ነው! ብቻ አንድ ነገር ዘነጋ። የእኛ ስብሰባ በ3 ሰዓት ይጠራና ሰው በ4 ሰዓት ይገባል። ተራ ቁጥር አንድ ሲነበብ የነበርነው እኔ፣ እሱ፣ ሻምበልና ሻይ የምታፈላው ልጅ ነበርን። ሐይቁ በምልዓተ ጉባኤ እጥረት ታለፈ። ሰዉ ሞልቶ የተቀመጠው ውሻው ላይ ነው። ስለዚህ ሻምበል መክረው ሐይቁን ከውሻውና ከመብራቱ መሀል አስገቡት፤ የሚያመልጥበት እንዳይኖረው።

ሠራ። ሐይቁ ታጥሮ ተያዘና ተወያየንበት፣ አንድ ውሳኔም ወለድን። ውኃው ድረስ የወረዱ አጥሮች ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ዳሩ ለእግረኛና ለአጥማጅ ይከፈት፤ በተለቀቀው መሬት ላይ ደለልና እጣቢ የሚያጣራ ሣርና ዛፍ ይተከል። እጄን ከሁሉ ቀድሜ አነሣሁ። የሚገርመው ሁሉም ተከተለኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ፣ ተጨበጨበ። ሰብሳቢው እንባ ቢጤ ተናነቃቸው።

«እንግዲህ ማን ይጀምር?» አሉ።

የእኛ ሰው በር ላይ ሲገናኝ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ በፍጹም፣ እንዴት ተደርጎ፣ በሞቴ፣ እያለ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ደጅ ይቆማል። ያ ሁሉ ጨዋነት አጥራችን ላይ ሰፈረ። የቨርጂኒያው ጋሼ «ሻምበል እያሉ እኔ ቀድሜ አጥር ባፈርስ ነውር ነው» አሉ። ሻምበል ብድግ ብለው «ኧረ ይተዉ፣ እርስዎ የሰው አገር አይተው የመጡ፣ ይቅደሙ» አሉ። ጋሼ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ፤ ሰብሳቢው በዕድሜ ወደሚበልጧቸው ወደ ቲማቲሙ ባለቤት ጎንበስ አሉ። አዛውንቱ «እኔ ያለኝ የቁልቋል አጥር ነው፤ የግንቡ ባለቤቶች ቆመው የቁልቋል ምን ወግ አለው?» ብለው በትሕትና አሳለፉ። እንዲህ እየተከባበርን መሸ።

ስንወጣ እማማን ዓሣቸውን በሳፋ ተሸክመው በሩ ላይ አገኘናቸው። ውሳኔው ደርሷቸዋል፤ ሻይ የምታፈላው ልጅ የእህታቸው ልጅ ናት። ሰብሳቢውን እጅ ነሥተው «እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ፤ አጥሩ እስኪነሣ ድረስ ልጄ ወደ ውኃው በማን በር ይለፍ?» ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው እኛን አዩን። እኛ ሻምበልን አየን። ሻምበል ማይክሮ ሜትራቸውን ዳበሱ።

«ማመልከቻ ያስገቡ፣ እማማ» አሉ ሰብሳቢው።

«ለማን?»

«ለእኛው።»

እማማ ሳፋቸውን አወረዱና እያንዳንዳችንን ፊት ለፊት እያዩ «ታዲያ ይኸው ቆማችኋል እኮ» አሉ።